አንድ ልክ፥ ሁለት ባሩድ
(ስለ ጥይት አሞላልና ስለ ሩቅ ዒላማ የተደረገ አጭር ጥናት)

መግቢያ

የዩኒቨርስቲ ተማሪ ብዕሩን አንሥቶ ስለ ጥይት ቢጽፍ የሚገረም አንባቢ አይጠፋም። ጥይት የወታደርና የአዳኝ ጉዳይ ነው፤ ለተማሪ ምን ይረባዋል? የሚል ይኖራል። እኛ ግን ከዚህች ከጣት የማትበልጥ ዕቃ ውስጥ የኬሚስትሪ፥ የፊዚክስ፥ የብረታ ብረትና የስታቲስቲክስ ትምህርት በአንድነት ታጭቆ አገኘን። ያገኘነውንም ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ጥናቱን ያስጀመረን መጽሐፍ ሳይሆን ሰው ነው። እኛ በገላን ኮንዶሚኒየም የምንኖር አራት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሕንጻችን ሥር ተሰብስበን እናጠናለን። የግቢያችን ዘበኛ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፤ ከቀኝ እጃቸው አውራ ጣት የለም። አንድ ቀን የፊዚክስ ደብተራችንን ሲያዩ፥ «እናንተ ልጆች፥ የተማራችሁ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉን። ከካፖርታቸው ኪስም አንድ አሮጌ የናስ ቀለህ አውጥተው መዳፋችን ላይ አኖሩ። የውጅግራ ቀለህ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ውጅግራ ነበራቸው። የተተኮሰውን ቀለህ ሳይጥሉ እየሰበሰቡ በጥቁር ባሩድ ይሞሉት ነበር። መስፈሪያቸውም ልኩ የታወቀ አንዲት ቁራጭ ሸምበቆ ነበረች። አባት ከሞቱ በኋላ ጥቁሩ ባሩድ አለቀ። ልጅየው ሁለት የቤልጅግ ጥይት ፈትተው፥ ባሩዱን በዚያችው ሸምበቆ ሰፍረው ሞሉና ተኮሱ። ጠመንጃው ከመቀርቀሪያው ፈነዳ፤ ጣቱም በዚያ ቀን ሄደ። «ልኩ ያው ነበር» አሉን፤ «አባቴ በዚያችው ሸምበቆ ዕድሜውን ሙሉ ሲሞላ ምንም አልሆነ። እኔ ምን አጠፋሁ?»

ይህ ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተደረገ ነው።

ሀ. ጥይት ምንድር ነው?

ጥይት አራት ክፍል አለው። አንደኛው አረሩ ነው፤ እርሱም ወደ ዒላማው የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ባሩዱ ነው። ሦስተኛው በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችውና መርፌው ሲመታት እሳት የምትተፋው መለኮሻ፥ ማለት ካፕሱል ናት። አራተኛው እነዚህን ሁሉ የሚይዘው ቀለህ ነው።

ብዙ ሰው ቀለህ ተራ ዕቃ መያዣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ጋዝ ወደ ኋላ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመጣ የሚከለክለው ቀለህ ነው። ናሱ በግፊቱ ተለጥጦ ጥይቱ የጎረሰበትን ቤት ግድግዳ ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ጥቂት ይሰበሰብና በቀላሉ ይወጣል። ይህን የመለጠጥና የመመለስ ጠባይ በሚገባ የያዘው 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ያለው ናስ ነው። ሆኖም ናስ በተለጠጠ ቁጥር ይደድራል፤ ደድሮም ደድሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚሞላ ሰው የቀለሁን አንገት በልክ አሙቆ ያለዝባል።

መለኮሻዋም የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1866 ገደማ በርዳን የተባለ አሜሪካዊና ቦክሰር የተባለ እንግሊዛዊ ሁለት የተለያየ አሠራር አወጡ። በበርዳን ቀለህ መለኮሻዋ የምትጋጭበት ጉጥ ከቀለሁ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ እሳቱም በአብዛኛው በሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ያልፋል። በቦክሰር ጥይት ጉጡ በመለኮሻዋ ውስጥ ስለሆነ ቀለሁ አንዲት የመኻል ቀዳዳ ብቻ ትበቃዋለች፤ ያገለገለችውን መለኮሻም በቀጭን ዘንግ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። ደጋግሞ ለመሙላት የሚመቸው የኋለኛው ነው። የሚያስቀው ነገር፥ የአሜሪካዊው አሠራር በአውሮጳ ጦር ሠራዊት፥ የእንግሊዛዊው ደግሞ በአሜሪካ መስፋፋቱ ነው።

ለ. ቀለህ በአገራችን

ባሩድ መሥራት ለኢትዮጵያ እንግዳ ጥበብ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በሸዋ ባሩድ ይሠራ እንደነበረ ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ እስከ ማስቀለጥ መድረሳቸውን የማያውቅ የለም።

የጥይት ነገር የከበደው ግን ከኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ ከመጣ ወዲህ ነው። ከአፈሙዙ የሚሞላውን ጠመንጃ የያዘ ሰው ባሩድና እርሳስ ካገኘ ይበቃዋል። ከኋላ የሚጎርሰውን የያዘ ግን በልኩ የተሠራ ቀለህ ከሌለው ጠመንጃው ዱላ ነው። ሰናድሩ የሰናድር፥ ረሚንግተኑ የረሚንግተን፥ ውጅግራው የውጅግራ፥ ምንሽሩ የምንሽር ጥይት ይፈልጋል። የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ጥይቱም እንደ ልብ አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 በዐድዋ የተፈረመው የሂወት ውል በምጽዋ በኩል መሣሪያ እንዲገባ በር ከፈተ። በ1890 የብራስልስ ስምምነት ወደ አፍሪካ የሚሄደውን መሣሪያ ለመገደብ ተፈረመ፤ በ1906 እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ስለዚሁ ጉዳይ እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ፤ በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ ደግሞ ማዕቀብ መጣ። በዚህ ሁሉ መካከል ዐፄ ምኒልክ ከፈረንሳይ ነጋዴዎችና ከሌሎችም እየገዙ ያከማቹት ጠመንጃ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ዋለ።

አገሩ ጥይት በማይሠራበት ጊዜ ባዶ ቀለህ ሀብት መሆኑ አያስደንቅም። በአንዳንድ የአገራችን ገበያ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜም አርበኛው የሚተኩሰውን የሚያገኘው በብዛት ከጠላት ከማረከው ነበር። የዘበኛችን አባት ቀለሁን ሳይጥሉ ማስቀመጣቸው እንግዲህ ስስት ሳይሆን የዘመኑ ብልኀት ነው።

ሐ. ልኩ ያው ሆኖ ለምን ፈነዳ?

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ፈረንሳዮች በ1874 የሠሩት ግራስ፥ ማለት የእኛው ውጅግራ፥ 5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ይጎርስና 25 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። የአረሩ ጉልበት (የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ) 2530 ጁል ያህል ነው። ዛሬ ሁሉ የሚያውቀው የክላሽ ጥይት ደግሞ 1.6 ግራም ያህል ጢስ አልባ ባሩድ ይዞ 7.9 ግራም አረር በሴኮንድ 715 ሜትር ይልካል፤ ጉልበቱም 2020 ጁል ገደማ ነው። እያንዳንዱን በባሩዱ ክብደት ብናካፍል ጥቁሩ በግራም 480፥ ጢስ አልባው በግራም 1260 ጁል ለአረሩ ሰጠ ማለት ነው። ጢስ አልባው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይበልጣል።

ምክንያቱ ምንድር ነው? ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ጢስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው ጢስ አልባ ባሩድ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ጋዝ ይለወጣል።

ከዚህ የባሰው ሁለተኛው ልዩነት ነው። የጥቁር ባሩድ የመንደድ ፍጥነት ከግፊት ጋር ብዙ አይለዋወጥም። ጢስ አልባው ግን ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ይፈጥናል፤ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይወጣል። ስለዚህ ባሩዱ በአሥር እጅ ቢጨምር ግፊቱ በአሥር እጅ ብቻ ይጨምራል ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው።

የግፊቱን ብዛት ለመገመት አንድ ምሳሌ እንስጥ። ለክላሽ ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 3550 ባር ነው። ይህ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር፥ ማለት በጥፍር በምታህል ስፋት ላይ፥ 36 ኩንታል ጤፍ እንደ መጫን ነው። ዘመናዊው ብረት ይህን ይችላል። በጥቁር ባሩድ ዘመን ለጥቁር ባሩድ የተሠራው ውጅግራ ግን ለዚህ አልተፈጠረም።

ዘበኛችን በሸምበቆዋ የሰፈሩት መጠን እውነትም ያው ነበር። ሸምበቆ የምትሰፍረው ቦታን እንጂ ጉልበትን አይደለም። ባሩዱ ሲለወጥ ልኩም መለወጥ ነበረበት። አባታቸው ያወረሷቸው መስፈሪያ ትክክል የነበረው ለአንድ ባሩድ ብቻ ነው።

መ. ስሟ የዱር ድመት ስለሆነች ጥይት

ጥናቱን ስንቀጥል አንድ ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ፈረንሳዮች በ1886 ለቪዬይ ባሩድ አዲስ ጠመንጃ፥ ሌበልን፥ ሲሠሩ አዲስ ቀለህ ከባዶ አልፈጠሩም። የግራስን ቀለህ መሠረት አድርገው፥ አንገቱን ከ11 ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጠበቡት። በመዳፋችን ላይ ያረፈው አሮጌ ቀለህ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጢስ አልባ ባሩድ ለጎረሰው የጦር ጠመንጃ ጥይት አባት ነው ማለት ነው!

አንድን የታወቀ ቀለህ ወስዶ አንገቱን ማጥበብ ወይም ትከሻውን መለወጥ፥ በዚህም በፋብሪካ የማይሠራ አዲስ ጥይት ማውጣት፥ በዒላማ ተኳሾች ዘንድ የታወቀ ጥበብ ነው። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን ጥይት «ዋይልድካት»፥ የዱር ድመት፥ ይሉታል፤ ጌታ የሌለው፥ በመዝገብ ያልሰፈረ ለማለት ነው። አንዳንዱም ውሎ አድሮ ፋብሪካ ይቀበለውና ይለምዳል። ለምሳሌ 22-250 የተባለው ለብዙ ዓመት የዱር ድመት ሆኖ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ሬሚንግተን ኩባንያ ተቀበለው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የክላሹ ነው። ሩሲያኖች የክላሽን ቀለህ አንገት አጥብበው 220 ራሽያን የሚባለውን አወጡ። ፓልሚሳኖና ፒንዴል የተባሉ ሁለት አሜሪካኖች በ1975 ይህንኑ ለውጠው 6 ሚሊ ሜትር ፒ.ፒ.ሲ. የተባለውን ሠሩ፤ ይህም በጠረጴዛ ላይ አስደግፈው በሚተኩሱ ተወዳዳሪዎች ዘንድ ለትክክለኛነት ተወዳዳሪ የሌለው ሆኖ ቆየ። በ2003 ደግሞ ከዚሁ ዘር ለሩቅ የሚሆነው 6.5 ግሬንደል ወጣ። በገጠራችን ለሠርግ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት የልጅ ልጆቹ በዓለም ዒላማ ሜዳ ይሸለማሉ።

አንገቱን ማጥበብ ምን ይጠቅማል? ሒሳቡ ቀላል ነው። አረር አየርን የሚሰነጥቅበት ኃይል ክብደቱ ለፊቱ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። የውጅግራ አረር 25 ግራም ሆኖ የፊቱ ስፋት 0.98 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ በካሬ ሳንቲ ሜትር 25.5 ግራም ይደርሰዋል። ቀጭንና ረዥም የሆነው የ6.5 ሚሊ ሜትር አረር 9 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ የፊቱ ስፋት ግን 0.353 ስለሆነ ለእርሱም የሚደርሰው 25.5 ነው። ከሢሶ ጥቂት በሚበልጥ ክብደት እኩል ሆነ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ጫፉ የሾለ፥ ቂጡ የቀጠነ በመሆኑ አየሩ ያንሳል እንጂ አይበዛበትም። ትከሻንም የሚመታው ያነሰ ነው።

ሠ. የገላን አየር

ሩቅ ዒላማ ሲነሣ የአየር ነገር ይመጣል። እኛም ጠመንጃ ሳንይዝ አየራችንን ለመመዘን በምድጃችን ላይ ውኃ አፈላን። ቴርሞሜትሩ ከ93 ዲግሪ በላይ አልወጣም። በባሕር ጠረፍ ውኃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ሁላችንም ተምረናል። በ93 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ የአየሩ ግፊት 588 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ መሆኑን ይነግረናል፤ የባሕር ጠረፉ 760 ነው። ሲካፈል 77 በመቶ ይሆናል። ገላን ከባሕር በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየራችን በእኩል ሙቀት ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው።

አረርን የሚገታው የአየር ኃይል ከአየሩ ጥግግት ጋር እኩል ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ጠመንጃ በጅቡቲ ወደብ ተለክቶ ወደ አቃቂ ቢመጣ ሩቅ ዒላማ ላይ ወደ ላይ ይስታል፤ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ ስለማያጣ የሚወድቅበት ጊዜ ያጥራልና። ነፋስም የሚገፋው ያነሰ ነው። በመጽሐፍ የተጻፈ የባሕር ጠረፍ ሠንጠረዥ ለደጋ ሰው እንዳለ አይሆነውም። ይህም ከሸምበቆዋ ጋር አንድ ትምህርት ነው፤ ልክ የሚሠራው በተለካበት ቦታና ሁኔታ ነው።

ረ. የአሞላል ጥናት ሥርዓት

በሕግ ፈቃድ ባለበት አገርና ሜዳ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንዴት ያጠናሉ? ሥርዓታቸው ለማንኛውም ላቦራቶሪ አርአያ ይሆናል።

1ኛ. ባሩድን በሚዛን እንጂ በግምት አይለኩም። ስሙ የማይታወቅ ወይም ከሌላ ጥይት የተፈታ ባሩድ ጨርሶ አይነኩም።

2ኛ. ለዱር ድመት ጥይት ብዙ ጊዜ የታተመ ሠንጠረዥ አይገኝም። ስለዚህ በመጀመሪያ የቀለሁን ሆድ ይለካሉ፤ ይኸውም ባዶውን መዝኖ፥ ውኃ ሞልቶ መልሶ በመመዘን ነው። ከዚያ በሆድ የሚቀርበውን የታወቀ ጥይት አግኝተው ከእርሱ ልክ በብዙ ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፤ በትንሽ በትንሹም ይወጣሉ።

3ኛ. በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣሉ። አረሩንና ባሩዱን በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ውጤቱ የማን እንደሆነ አያውቅም።

4ኛ. መለኮሻዋ ከተዘረጠጠች፥ መቀርቀሪያው አልከፈት ካለ ወይም የቀለሁ ቂጥ ላይ ጭረት ከታየ ያቆማሉ። «አንድ ልጨምርና ልየው» የሚል ሰው የዘበኛችንን እጅ ይመልከት።

5ኛ. ሁሉን ይጽፋሉ፤ ቀኑን፥ ሙቀቱን፥ ክብደቱን፥ ፍጥነቱን።

የፍጥነት ልዩነት ለምን እንደሚያሳስብ በሒሳብ እንይ። የአየርን ነገር ለጊዜው ትተን፥ በሴኮንድ 800 ሜትር የሚሄድ አረር 1000 ሜትር ለመድረስ 1.25 ሴኮንድ ይፈጅበታል። 810 የሚሄደው 1.235 ይፈጅበታል። ሁለቱ የሚወድቁበት ከፍታ በ19 ሳንቲ ሜትር ይለያያል፤ የአየር መቋቋም ሲታሰብ ደግሞ ይብሳል። በ300 ሜትር የዓለም ውድድር የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፥ በሴኮንድ የ10 ሜትር ልዩነት በሩቁ ዒላማ ላይ ምን እንደሚያደርስ ግልጽ ነው። ስለዚህ የሩቅ ዒላማ ተኳሽ የሚፈልገው ከሁሉ የፈጠነውን ጥይት ሳይሆን ሁልጊዜ እኩል የሚፈጥነውን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንዱ አምስት ጥይት ተኩሶ የፍጥነቱ መለያየት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) በሴኮንድ 5 ሜትር ሆኖ ቢያገኘው «ጥሩ አሞላል አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። በስታቲስቲክስ ትምህርታችን በ95 በመቶ መተማመን ስናሰላው ግን፥ ከአምስት ጥይት የተገኘ 5 እውነተኛው መጠኑ ከ3 እስከ 14 ድረስ የትም ሊሆን ይችላል። 30 ጥይት ቢተኩስ ከ4 እስከ 6.7 ባለው ውስጥ ይወሰናል። በጥቂት ሙከራ የተገኘ ደስታ ብዙ ጊዜ የዕድል ሥራ ነው። ይህ ለዒላማ ተኳሽ ብቻ ሳይሆን በሦስት ናሙና የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፍ ጓደኛችንም ይነገር።

እኛ በገላን ባሩድ አልነካንም፤ አንነካምም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይህን ሥራ ከፈቃድ ጋር ያያዘው ሲሆን፥ ግድግዳ የሚጋሩ ብዙ ቤተ ሰቦች በሚኖሩበት ሕንጻ ውስጥ ባሩድ ማስቀመጥ ሕግ ባይኖርም እንኳ ኅሊና የሚከለክለው ነው። የሠራንበት መሣሪያ እርሳስ፥ ወረቀት፥ ቴርሞሜትርና ድስት ነው።

መደምደሚያ

ሒሳባችንን ጨርሰን በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ዘበኛችን ሄድን። ሁለቱን ባሩዶች በጤፍና በበርበሬ መስለን፥ አንድ ስኒ ጤፍና አንድ ስኒ በርበሬ ወጥ ውስጥ ቢገባ እኩል እንደማያቃጥል አስረዳናቸው። ጸጥ ብለው ሰሙን። ከዚያ ቀለሁን ከእጃችን ተቀበሉና በግራ እጃቸው እያገላበጡ፥ «ስንት ዓመት ሙሉ ባሩዱን ስረግም ኖርኩ» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፥ «ለካ ባሩዱ አልበደለኝም። አባቴም አልበደለኝ። ልኩ የምን ልክ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም» አሉን።

አንባቢ ሆይ፥ የጥናታችን ፍሬ ከዚህ የሚበልጥ አይደለም። አባቶቻችን ቀለሁን ሳይጥሉ አስቀምጠውልናል፤ መስፈሪያቸውንም አውርሰውናል። ሁለቱም የሚከበሩ ናቸው። ነገር ግን የተረከብነውን ልክ ሁሉ፥ ከአባት የመጣም ይሁን ከውጭ አገር መጽሐፍ፥ «ይህ የተለካው ለየትኛው ባሩድ ነው? በየትኛውስ አየር?» ብለን ሳንጠይቅ ብንጎርሰው አደጋው በራሳችን እጅ ላይ ነው። መጠየቅም፥ መመዘንም፥ መጻፍም የተማሪ ሥራ ነው። ዘበኛችን በጎልማሳነታቸው ያጡት ጣታቸውን ብቻ አልነበረም፤ አጠገባቸው ተቀምጦ አንድ ገጽ ሒሳብ የሚያሰላላቸው ሰውም አጥተው ነበር።